የአሚራ መህር

አሚራ ከጅዳ ስትመለስ የተመካችው በሁለት ነገር ነበር፤ በሰው ማድ ቤት ቆማ በተማረችው ሙያና በዚሁ ሙያዬ አድራለሁ በሚለው እልኳ። ከተማዋ መካነ ሰላም ግን ቶሎ እጅ አልሰጠቻትም። በባሕሩ ዳር የለመደችው ኬክ በዚህ ደጋ ኩፍ ይልና ሊያምር ሲል መሐሉ ስርጉድ ይላል። ጎረቤት ሳቀባት። እሷ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነሰች፤ እንቁላል ጨመረች፤ እሳቱን አጠነከረች። የተበላሸውን ሁሉ አባቷ ሳዲቅ በሉላት።

«መልኩ ነው እንጂ ጣዕሙ ሸጋ ነው፣ ልጄ» ይላሉ በየጊዜው።

ውሎ አድሮ መልኩም ተስተካከለ። በጾም ለክርስቲያኑ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ትጋግራለች፤ ለዒድ የሰሊጥ ከረሜላና ሐላዋ ትሠራለች። ሥጋው የእስላም የክርስቲያን ተብሎ በሚለይበት ሠርግ የእሷ ትሪ ግን ከዳስ ዳስ ይዞር ጀመር።

አንድ ቀን ለሠርግ የታዘዘ ኬክ ምድጃ ውስጥ እንዳለ መብራት ጠፋ። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ በያጁ ወደ ያሲን ሱቅ ሮጠች።

«ከበርሜል በከሰል የሚሠራ መጋገሪያ ትሠራልኛለህ?»

ያሲን ሥራ ፈትቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። «እሠራልሻለሁ። ግን መብራት የማይፈልግ ምድጃ ለመሥራት መብራት ያስፈልገኛል።»

ሳቋ አመለጣት። «ታዲያ ሁለታችንም ቁጭ ብለን እንጠብቃ!»

«ለብቻ ከመጠበቅ ይሻላል» አለና ቀና ብሎ አያት። አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

የዚያን ቀን ኬክ አልተረፈም፤ ለሠርጉ ያደረሰችው ከረሜላ ብቻ ነበር። ምድጃው ግን ተሠራ። ከዚያ በኋላ የምድጃው በር ማጠፊያ ለያሲን መመላለሻ ምክንያት ሆነ።

«ያሲን፣ ማጠፊያው ደህና ነው።»

«ልየው እስቲ።»

አይቶም አይሄድም። የፈላውን ስኳር ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትጥል ያያል።

«ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል» ትለዋለች። «ከተለጠጠ ገና ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ ገና ትለጠጣለህ!»

በዚህ ሁኔታ ከርሞ ሽማግሌ ላከ። መልስ ሳያገኝ የሰው ቤት ምግብ የሚቀምስ ሽማግሌ የለምና፣ አሚራ ያሰናዳችው ትሪ መሐላቸው እንደተቀመጠ የሽማግሌዎቹ መሪ አህመዲን ተናገሩ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ደግሞም የያሲን አባት ሐጂ ይማም አንድ ቃል አክለዋል። ከቤታቸው ከገባች መሸጡ ይቀራል። ምራታቸው ትሪ ይዛ ስትዞር ማየት አይሹም። በወርቅ አስጊጠው ያኖሯታል።»

አሚራ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰማች። ያሲንን ሲጠሩላት የሞቀ ደረቷ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። አባቷ ወደ መጋረጃው ዞር አሉ።

«የልጄን ቃል ሳልሰማ አልመልስም» አሉ። «ሌላ ቀን ኑ።»

ሽማግሌዎቹ ትሪውን ሳይነኩ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ያሲን በሩ ላይ ቆመ። ማጠፊያ አላነሣም።

«ወላሂ፣ ያንን ቃል እኔ አልላክሁም።»

«አውቃለሁ። ሲላክ ግን ሰምተህ ዝም ብለሃል።»

መሬት መሬት አየ። «አባቴ ናቸው፣ አሚራ። በፊታቸው ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም።»

«ካላንተ መኖር ይከብደኛል፤ አልደብቅህም። ይህን ሥራ ከተውኩ ግን የምታገባው ሌላ ሰው ነው፤ እኔን አይደለም።» ቀና ብላ አየችው። «ስታገባኝ የምትሰጠኝን መህር የምጠራው እኔ ነኝ አይደል?»

«ሐቅሽ ነው። ሸሪዓው ነው የሰጠሽ።»

«እንግዲያ ወርቃቸው ይቅርብኝ። መህሬ መጋገሪያ ቤት ነው። ምድጃውን አንተ በእጅህ ትሠራዋለህ። በሩም ወደ ጓሮ ሳይሆን ወደ ገበያው መንገድ ይዞራል። መህር የሴቲቱ የግሏ ነው፤ አማትም ባልም አይነካባትም። ይህን ለአባትህ ንገራቸው፤ በሽማግሌ ሳይሆን በገዛ አፍህ።»

ያሲን ሄደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ድምፁ ጠፋ። የለመደው እጇ ከዳት፤ ስኳሩ አረረ፤ ብስኩቱ ጠቆረ።

«አባ፣ አበዛሁት ይሆን?» አለች አንድ ቀን፣ የእንባዋን ምክንያት በጭሱ እያሳበበች።

ሳዲቅ የጠቆረውን ብስኩት አንሥተው ገመጡ። «ባሕር ማዶ ስትሄጂ ላስቀርሽ አቅቶኝ አልቅሻለሁ። ዛሬ በገዛ ደጄ ሰው ከወግዲ ድረስ የልጄን ስም ጠርቶ ይመጣል። እኔ በዚህ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። አብሽሪ፤ አላበዛሽም።»

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ አህመዲን ገና ከበሩ ፈገግ ብለው ነበር።

«ያሲን በአባቱ ፊት ቆሞ ሲናገር እዚያው ነበርኩ» አሉ። «ቃሉን አላጠፈም። ሐጂ ጮሁበት፤ አልሸሸም። ‹መህሯን ካልሰጠኋት አላገባትም፤ እሷን ካላገባሁም ሌላ አትፈልጉልኝ› አለ። በመጨረሻ ሐጂ ‹በሴት ሐቅ ላይ ገብቼ በአላህ ፊት አልጠየቅም፤ ያለችውን ስጧት› አሉ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አሚራ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

በኒካሑ ዕለት ሸኹ መህሩን ሲጠይቁ ያሲን ራሱ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ መጋገሪያ ቤት ከነምድጃው፣ በሩ ወደ ገበያው መንገድ የዞረ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሳዲቅ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

የመጋገሪያ ቤቱ ምድጃ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ያህል ሰፊ ሆኖ ተሠራ። መጀመሪያ ሐጂ ይማም በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። ቀጥሎ በወዲያኛው ጥግ ማለፍ ጀመሩ። በኋላም በገበያ ቀን ቆም ብለው ሰልፉን ያዩ ጀመር።

በአንዱ ገበያ ሰዉ በዝቶ አሚራና ያሲን ከእሳቱ ዳር መላወሻ አጥተዋል። ከወግዲ የመጣ ነጋዴ በሩ ላይ የቆሙትን ሐጂን አወቃቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። ይሄ ሱቅ የእርስዎ ነው እንዴ?»

ውስጥ አሚራ እጇን ሊጡ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ያሲንም ትንፋሹን ዋጠ።

«የኔ አይደለም» አሉ ሐጂ። «የያሲንም አይደለም። የምራቴ ነው፤ መህሯ ነው።» ከዚያም ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ በሩ ላይ የተቀመጠውን ትሪ ወደ ሰውየው ገፋ አድርገው ጠየቁት።

«ምን ልስጥህ?»