የጋራ መስመር

ሽማግሌው ሃልቮር ሞተው የተገኙት ስልካቸው ስር ነው። እጀታው በገመዱ ተንጠልጥሏል፤ ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ የቆጡ መሰላል ወለሉ ላይ ወድቋል። በረዶ የዋጣት ያች የስንዴ ሜዳ መንደር ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀባትም። «ሠራተኛቸው ፔትሮ ነው የገደላቸው!» ተባለ። ባዕድ ነዋ! ፔትሮ ታሰረ፤ ከተፈረደበት ስቅላት ነው።

ፖሊሱ አይቪን ግን ነገር አላምጦ የሚውጥ ሰው ነው። የሟቹ ጭን መሰበሩን የሚያውቁት እሱና ሐኪሙ ብቻ ናቸው፤ ለማንም አልተነፈሱም።

«ምስኪን!» አሉ ጎረቤት ያሉት መበለት ጉድሩን። «ጭናቸው ተሰብሮ፣ እንደዚያ እያቃሰቱ...»

«ማን ነገረዎት፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ክው አሉ። «ኧረ... ሰው ሲያወራ ነው።»

ባለሱቁ ላርስንም አፉ አሳጣው። «ከመሰላል ወደቅኩ ሲሉ...» ብሎ ምላሱን ነከሰ። ሐኪሙ ደግሞ፣ «ያን ቀን ስልኩ ጮኸ፤ ሳነሳው ሽው ሽው ብቻ። ነፋስ ነው ብዬ ዘጋሁት» አሉ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ አይቪን መንደርተኛውን ሰበሰበ። ሚስቱ ኢንጋ ከፊት ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«ገዳይ የለም» አለ። «ሽማግሌው ከመሰላል ወደቁ፤ እየተሳቡ ስልክ ደርሰው ሐኪም ጠሩ። መስመሩ የሁላችንም ነው፤ ለአንዱ ሲደወል በየቤቱ ይጮኻል፣ ያነሳ ሁሉ ይሰማል። ወሬ ሲሆን ማን ይሰንፋል! እንደ ልማዳችሁ አንስታችሁ አዳመጣችሁ። በየቤቱ ስልክ በተነሳ ቁጥር ድምፅ ይቀጥናል፤ መስመሩ ጫፍ ያሉት ሐኪም ጋ ሳይደርስ አለቀ።»

«ታዲያ ለምን አልሄዳችሁላቸውም?» ፔትሮ እጁ እንደታሰረ ከበሩ ጮኸ።

ጉድሩን አለቀሱ። «ሐኪሙ የሰሙ መስሎኝ! ብሄድስ፣ በምን አወቅሽ ብባል ምን እላለሁ?»

«ከሟቹና ከሐኪሙ ሌላ መስመሩ ላይ ያለነው ስድስት ቤት ነን። ትናንት መስመር ልሞክር ብዬ አምስታችሁን ስልክ አስነሳሁ» አለ አይቪን። «አምስታችሁም አንስታችሁ እያለ ከሟቹ ቤት ስደውል ሐኪሙ ሰሙኝ። ስለዚህ ያን ቀን ስድስተኛ ቤትም አንስቶ ነበር።» ወደ ኢንጋ ዞረ። «የቀረው የእኔ ቤት ብቻ ነው።»

የኢንጋ መርፌ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ሌላ ሰው ይሄዳል ብዬ ነው» አለች።

መስማትን የሚከስ ሕግ የለም። አይቪን ፔትሮን ፈታው፤ ፔትሮም ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ባልና ሚስቱ ቤት ሲገቡ ስልኩ ጮኸ፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አጯጯህ አለው፤ ይህ የእነሱ ጥሪ አይደለም። ዱቄት የሚበደር ይሁን ነፍሱ የተጨነቀችበት፣ ማን ያውቃል?

ኢንጋ እጇን ዘርግታ መለሰችው። «ላንሳው?»

ጥሪው እስኪቆም ድረስ ሁለቱም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆሙ።