ብራንሰን አሥራ አንደኛ ነው

«ዴል ቢኖር አንደኛ ያደርገው ነበር» አለና የቴሳ አጎት ሎኒ የብራንሰን ስም የተጻፈበትን ፕላስተር ፍሪጁ በር አናት ላይ ለጠፈው። እንዳይላቀቅ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ለወንድሜ!»

«ለዴል!» አሉ ሁሉም ጣሳቸውን ከፍ አድርገው።

ቴሳ አላነሳችም። የያዘችው የለስላሳ ጣሳ በጣቶቿ መሐል ጭምድድ ብሎ ድምፅ አሰማ።

በየዓመቱ የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር አራተኛ እሑድ ሲያልፍ፣ በማግስቱ ከሰዓት የእነ ቴሳ የኮቫች ቤተሰብና ጎረቤቱ የሎኒ ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰባል። መኪናው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቋሊማው ይጠበሳል፣ በአሮጌው የቢራ ፍሪጅ በር ላይ የሠላሳ ሁለቱም ቡድኖች ኳርተርባኮች ስም ከላይ እስከ ታች ይለጠፋል። ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ኳርተርባኩ ስለሆነ፣ ቡድን ሲያሸንፍ የሚመሰገነውም ሲሸነፍ የሚሰደበውም እሱ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ብቻ፣ አንዴ ብቻ ያዘዋውራል፤ እጁን ፍሪጁ ላይ አድርጎ ምክንያቱን ይናገራል። ሌላው እንደፈለገ ይጮህበታል። ከዚያ በኋላ በረዶ ወድቆ መሬት ላይ እስኪቆይ ድረስ ማንም አይነካውም።

«በአራት ጨዋታ ሰው ይመዘናል እንዴ?» የሚል አንድ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። የቴሳ አባት ዴል መልሱ ሁሌም ያው ነበር። «መጨረሻ ላይማ ማንም ያውቃል። ገና ሳይለይለት ያየኸውን መናገር ነው ወንድነት!»

አባቷ ነሐሴ ላይ ሞተ። ያለ እሱ የመጀመሪያው ዓመት ነው። የሎኒ ሚስት ዳርሊን «ተራው ባዶ አይሁን» ስላለች ሎኒ በወንድሙ ፈንታ ፍሪጁ አጠገብ ቆመ። ቆሞም የገዛ ቡድናቸውን ኳርተርባክ፣ ብራንሰንን፣ አንደኛ አደረገው። አባቷ ሁለት ዓመት ሙሉ አሥራ አንደኛ ሲያደርገው የኖረውን ብራንሰን!

«አሥራ አንደኛ ነው» አለች ቴሳ።

«ምን አልሽ?» አለ የአጎቷ ልጅ ኮሪ፣ አፉ በቋሊማ ተሞልቶ።

«አባዬ አሥራ አንደኛ ነው የሚያደርገው። አንደኛ ብሎት አያውቅም።»

«ኧረ ባክሽ! አራቱንም አሸንፈናል እኮ! ልጅቷ አብዳለች።»

«ዝም በል ኮሪ» አለ ሎኒ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደ እሷ ዞረ። ያ ልስላሴ አናደዳት። «ቴስ፣ የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ በመጨረሻ ሐሳቡን ቀይሯል። ነሐሴ ላይ ደወለልኝ። ‹ሎኒ፣ ስለ ብራንሰን ልክ ነበርክ፣ ተሳስቻለሁ› አለኝ። እንደዚያ ብለን ታረቅን።»

ዳርሊን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ሎኒ! አልነገርከኝም እኮ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ሃዱክ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ጋራዡ በአንዴ ቤተ ክርስቲያን መሰለ።

የቴሳ ጆሮ ጋለ።

ነሐሴን ታውቀዋለች። የአባቷ አልጋ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ነበር። እግሩ ስላበጠ ካልሲ አይገባለትም፤ ስልኩ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከእጁ አይርቅም። ማታ ማታ «ያ ግትር ደወለ?» ይላት ነበር፣ እየሳቀ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ፤ «ደወለ?» ብቻ። በመጨረሻ ቅንድቡን ብቻ ነበር የሚያነሳው። እሷም «ገና ነው» ትለዋለች። አንድ ቀን ስልኩን አንስታ ልትደውል ስትል እጇን ያዛት። «ተይው። ከጋራዡ ያባረረኝ እሱ ነው። እሱ ይደውል።» ጥር ላይ ቡድናቸው ተሸንፎ ከውድድር ሲወጣ ነበር የተጣሉት፤ ሰበቡም ብራንሰን ነው። የሎኒ ቤት ከእነሱ ቤት ሁለት መታጠፊያ ብቻ ይርቃል። በዚህ በዚህ አባቷም ያናድዳታል፤ እሱም ግትር ነበር። ግን የሷ ግትር ነበር። በቀብሩ ዕለት «ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው» ተባለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲጮህ የጎረቤት ውሻ ይነሳ የነበረውን ሰው! ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የሚመጡት ሁሉ ጥቂት በጥቂት አባቷን ወስደው፣ በቦታው ማንንም የማይቆጣ የማታውቀው ሰው አስቀምጠውላታል። ዛሬ ደግሞ «ተሳስቻለሁ» አስባሉት።

ወደ ፍሪጁ ሄደች። ፕላስተሩን በጥፍሯ ቧጥጣ ላጠችና ወደ ታች አውርዳ ከአሥረኛው ሥር ለጠፈችው። እጇን በሩ ላይ አደረገች።

«የአባቴ ተራ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ይኼ ነው። ሲያጣድፉት ግራውን አያይም። ትናንት በግራ በኩል ያለው ልጅ ብቻውን ቆሞ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚጠይቅ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ሁላችሁም አይታችኋል። ብራንሰን ግን ወደ ቀኝ፣ ሦስት ሰው መሐል ወረወረው። ተጋጣሚ አልያዘበትም፤ እድለኛ ነው። ጥሩ ተከላካይ ያለው ቡድን ሲገጥመን ታያላችሁ።»

«ኡኡኡ!» አለ ኮሪ።

«እውነቷን ነው፤ እኔም ልጁን አይቼዋለሁ» አለ ሃዱክ። «ዴል የተናገረ ነው የመሰለኝ።»

ሎኒ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «እንግዲህ ቴስ፣ የነገረኝን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ነሐሴ መቼ ደወለ?»

«ያው... ነሐሴ ነዋ።»

«በየትኛው ስልክ?»

ሎኒ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። አየችው፤ አያት። እንደምታውቅ አወቀ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ሁሉም አሉ፤ ሚስቱም ልጁም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እየጠበቀህ ሞተ» ማለት ብቻ። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ልትለውም ፈልጋለች፤ ሲወድቅ ማየት ፈልጋለች።

«ና ውጭ» አለችው።

ከጋራዡ ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ ቆሙ። ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ቀዝቅዟል።

«አልደወለልህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር። ደወለ ወይ እያለ! ‹ገና ነው› እያልኩ የምመልስለት እኔ ነበርኩ፤ እኔ!»

ሎኒ የጋራዡን ግድግዳ ተደገፈ። «የመጀመሪያውን ጨዋታ እየጠበቅሁ ነበር» አለ። «ዝም ብዬ ከደወልኩ ሊሞት ነው ብዬ የደወልኩ ይመስልብኛል አልኩ። ውድድሩ ይጀመር፣ ብራንሰን አንድ ጥሩ ጨዋታ ይጫወት፣ ከዚያ ደውዬ ‹አየኸው አንተ ደንቆሮ?› እለዋለሁ፣ እሱም ይሰድበኛል፣ በዚያው እንታረቃለን ብዬ... ይቆያል ብዬ ነው፣ ቴስ። እስከ መስከረም የሚቆይ መስሎኝ ነው።»

እውነቱን እንደሆነ አወቀች። እውነት መሆኑ የበለጠ አናደዳት። ለአንድ ኳስ ወርዋሪ ብሎ!

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«ዳርሊን ሳትታረቁ ነው ወይ የሞተው እያለች ትጠይቀኛለች። ዛሬ ሁሉም ሲያዩኝ... አፌ ላይ መጣ።»

«ያንተ አፍ ላይ ቢሆን ምን ነበረበት! የአባቴ አፍ ውስጥ ነው የከተትከው። ያላለውን!»

ሎኒ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከውስጥ የኮሪ ጩኸትና የሰዎች ሳቅ ይሰማል። «ለዳርሊን አትንገሪያት» አለ። «እባክሽ። ለኮሪም።»

ወደ ቤት መሄድ ትችላለች። ይህንንም ይዛ ቤት ገብታ፣ እናቷ «እንዴት ነበር?» ስትላት «ደህና» ማለት ትችላለች። የዚህን ሰውዬ ዝምታ ግን ከነሐሴ ጀምሮ ተሸክማለታለች።

«እኔ አልነግራትም» አለች።

የሎኒ ትከሻ ረገብ አለ።

«አንተ ነህ የምትነግራት። አሁን።»

«ሁሉም ባሉበት?»

«ሁሉም ባሉበት አይደል የዋሸኸው?»

በኮፍያው ፊቱን ጠረገ። መልሶ ሊያጠልቀው አለና ተወው። «ከነገርኳቸው በኋላ ታናግሪኛለሽ?»

ቴሳ አሰበች። «አላውቅም» አለች። ልታሳዝነው ብላ አይደለም፤ በእርግጥ አታውቅም ነበር።

የጎኑን በር ከፈተችው። ብርሃኑና የቋሊማው ሽታ ወጣ፤ ውስጥ ያሉት ዞር ዞር አሉ። ሎኒ እሷ እንድትገባ ጠበቀ። ቴሳ ግን በሩን በትከሻዋ ደግፋ ቆመች።

«አንተ ቅደም» አለችው።