የሱሉልታዋ ድምፅ

ሱሉልታ ላይ አንዲት ሴት በከሰል ታፍና ሞተች ሲባል ብዙ ሰው አልደነገጠም። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር ከሰል በየክረምቱ ሰው ይወስዳል። «ነፍስ ይማር» ይባላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤትየው ደግሞ ያንኑ ማታ ማንደጃውን አስጠግቶ ይተኛል። ይህችኛዋ ግን የሞተችው ሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሟቿም «አታስፈቅጂ» የተባለውን ዘፈን ግጥም የጻፈችው ብርቅዬ ነበረችና ወሬው እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ።

ያን ሰሞን «አታስፈቅጂ»ን ያልሰማ ጆሮ አልነበረም። ሚኒባሱ እሱን፣ ጸጉር ቤቱ እሱን፣ የትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ሳይቀር እሱን ነበር የሚያስጮኸው። የሰበታ ፋብሪካ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ይዘፍኑታል፦

አታስፈቅጂ እህቴ፣ መንገዱ ያንቺም ነው፤
ደጃፉን የዘጋው፣ ፍርሃትሽ ብቻ ነው።

ወንዶቹ በበኩላቸው ሚስት ወጥ ባሳረረች ቁጥር «አታስፈቅጂን ሰምታ ነው» እያሉ ይሳሳቃሉ። ዘፋኟ ሉሲ በዚህ አንድ ዘፈን ስሟ ናኘ።

ከዞን ፖሊስ የተላከችው ኢንስፔክተር ወርቅውሃ ሽመክት ሱሉልታ ስትደርስ ጉዳዩ አልቆ ጠበቃት።

«ተጠርጣሪዋ አምናለች» አላት ሳጅን አክመል። «የሟች ታናሽ እህት ናት፣ ትጊ ትባላለች። ከሰሉን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ፣ እህቴን ገደልኳት ትላለች። ነገ ለዐቃቤ ሕግ እናስተላልፋለን፣ በቃ።»

«ልያት።»

ትጊ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የመጣላት ምግብ አልተነካም። ፖሊሶቹ ለወርቅውሃ እንደነገሯት ከሆነ ከተያዘች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፣ እንባም አልወጣትም። እናታቸው ስትሞት እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ብርቅዬ ነበረች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ትጊ።»

«ምን ይነገራል? ገደልኳት። ፍረዱብኝና ልረፍ።»

«መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። ከሰሉን የት አቀጣጠልሽው?»

«ግቢ ውስጥ። ጉንፋን ይዟት ትንቀጠቀጥ ነበር። ሲደክማት መቅጃዋ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው፤ በዚህ ዓለም ጸጥታ ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው ትላለች። ከሰሉ ጭሱ ወጥቶለት ሲቀላ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩላት፣ ስትነሳ እንድትሞቀው። ከዚያ መድኃኒትና ዝንጅብል ልገዛ ወጣሁ።»

«በሩስ?»

«ገርበብ ብሎ ነበር።»

«ስትመለሺ?»

«ተዘግቷል። ብርድ ልብሱን ገንጥዬ ስከፍተው ከሰሉ እግሯ ሥር ነው። በርዷት ጎትታ አስገብታው ነው። እኔ ባላቀጣጥለው ምን ልታስገባ?»

«የምን ብርድ ልብስ?»

«በሩ ላይ የሚንጠለጠለው። ድምፅ እንዳይገባ በውጭ በኩል ሚስማር አለው።»

ወርቅውሃ ሳጅኑን ዞር ብላ አየችው። እሱ ስልኩን እየነካካ ነበር። የትጊን እጅ ስትይዘው እንደ በረዶ ቀዘቀዛት፤ ይህች ልጅ በዚህ ዓይነት ፍርድ ቤት ሳትደርስ ታልቃለች ብላ ከልቧ ፈራች።

«ዛሬ ትንሽ ቅመሺ፤ ለእኔ ስትዪ።»

ትጊ ምግቡን በእጇ ገፋ አደረገችው።

ስቱዲዮው አቀናባሪው ዮፍታሔ የተከራየው ቪላ ነው። በሩ ላይ ሽማግሌው ጥበቃ ኦቦ ለሚ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ለሚ?» ስትል በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ልጄ። ግን ምን ሰላም አለ፣ ያቺን የመሰለች ልጅ ሞታ።»

«ያን ዕለት ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ዮፍታሔ በጠዋቱ አዲስ አበባ ሄደ። ኋላ ትጊ ዕቃ ልትገዛ ወጣች። የብርቅዬ ባል መጣ፣ ወዲያው ተመለሰ። ከዚያ ሉሲ መጣች፣ ጥቂት ቆይታ ሄደች። ትጊ ስትመለስ ጩኸት ሆነ።»

ከጀርባቸው ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትንሽ ማንደጃ አመድ ሞልቶባታል። የከሰል ጆንያ ግን የለም፣ ክብሪትም አይታይም።

«ከሰል ይገዛሉ እንዴ፣ ኦቦ ለሚ?»

«አልፎ አልፎ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ዮፍታሔ ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር የጠበቃት። መቅጃዋ ክፍል ሁለት ሰው ከገባባት የምትጨናነቅ ናት፤ ግድግዳዋ ስፖንጅ ለብሷል፣ ጣሪያዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፣ በኮሪደሩ በኩል አነስተኛ መስታወት አላት።

«እዚህ ቤት ስንቀዳ ፍሪጁ ይነቀላል፣ የግድግዳው ሰዓት ይወርዳል» አላት። «ማይኩ ክፉ ነው፣ የሆድ ጩኸት ሳይቀር ይሰማል። በጎረቤት አውራ ዶሮ የተነሳ ሥራ ጥለን እናውቃለን።»

«የአታስፈቅጂን ድምፅ ለብቻው፣ ያለ ሙዚቃ አሰማኝ።»

እጁ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ትንፋሽ ይሰማል፣ ምራቅ መዋጥ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ጭጭ ያለ ነው። የወርቅውሃ ልጅ ቤት ውስጥ ሌት ተቀን ስታዜመው ሰልችቷት የነበረ ዘፈን እንዲህ ራቁቱን ሲቀርብ ሆዷን አባባው።

«ሲቀዳ እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ሉሲ… ብርቅዬም ነበረች።» ይህን ሲል የሚያየው እሷን ሳይሆን የማይኩን ገመዶች ነበር።

ከዚያ ሰበታ ወረደች። የብርቅዬ ባል ቢንያም ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው። ጓደኞቹ «የአታስፈቅጂ ባል» እያሉ ሲቀልዱበት እንደከረሙ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ጺሙ አድጎ፣ ለቀስተኛ መሐል ብቻውን ተቀምጧል።

«ከቤት ያስወጣሃት አንተ ነህ?»

«አዎ። ያንን ድምፅ በየታክሲው መስማት አንገፈገፈኝ። ወይ እኔ ወይ ስቱዲዮው አልኳት። ስቱዲዮውን አለችኝ።»

«ያን ዕለት ለምን ሄድክ?»

«ልለምናት። በመስታወቱ አየኋት፣ ተኝታለች። ስትተኛ እንደ ሕፃን ነበረች። መቀስቀሱ አላስቻለኝም፣ ተመለስኩ።» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ባላባርራት እዚያ አትተኛም ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ኢንስፔክተር።»

ወርቅውሃ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ገደልኳት የሚል ሰው በዝቶባት አያውቅም ነበር።

ሉሲ ቡራዩ አዲስ ቤት ገብታለች። ደረቱ ላይ «አታስፈቅጂ» የሚል ቲሸርት ለብሳ፣ ለኮንሰርቱ የሚሰፋላትን ቀሚስ እየለካች አገኘቻት። ባንዱ በቀጥታ የሚጫወትበት ትልቅ ኮንሰርት ነው፤ ማስታወቂያው በየግንቡ ተለጥፏል።

«ብርቅዬ እህቴ ነበረች» አለች ሉሲ። «የኢትዮጵያ ሴት አንድ ጀግና አጣች።»

«ያን ዕለት አይተሻታል?»

«ልጠይቃት ገባሁ፣ ተኝታለች። መንገድ ላይ ባሏ ከዚያ ሲመለስ ተላልፈናል፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። መቼም እሱ ምን እንዳደረገ እግዜር ያውቃል።»

«ከሰሉስ?»

«ከውስጥ ነበር፣ እግሯ ሥር።»

«ዝም ብለሽ ወጣሽ?»

«ምን ይደንቃል? እኔም ዘፈኑን የቀዳሁት ከሰል እግሬ ሥር አድርጌ ነው። የሱሉልታን ብርድ ያውቁት የለ። ሁሌም እንደዚያ ነበር የምናደርገው፣ ስለዚህ ምንም አልመሰለኝም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወርቅውሃ አመስግና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ስቱዲዮው ሰበሰበቻቸው። ትጊ በሳጅን አክመል ተደግፋ ገብታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቢንያም ከሉሲ ራቅ ብሎ ቆመ። ዮፍታሔ ኮምፒውተሩ ፊት አቀርቅሯል፤ ኦቦ ለሚም በሩ ላይ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ከሰል ቀልቶ ተቀምጧል።

«እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ገደልኳት ይለኛል» ብላ ጀመረች ወርቅውሃ። «ትጊ ስላቀጣጠለች፣ ቢንያም ስላባረረ። ሳጅን፣ አንተ ደግሞ አምናለች፣ በቃ አልክ። ሌላው ሰው የከሰል አደጋ ነው ይላል። አደጋ አይደለም። ይህን ብርድ ልብስ እዩት። ሚስማሩ በውጭ ነው። ውስጥ የተኛ ሰው በሩን መዝጋት ይችላል፤ በውጭ በኩል ብርድ ልብስ ማንጠልጠል ግን አይችልም። ብርቅዬ ላይ ሌላ ሰው ዘግቶባታል።»

ትጊ ቀና አለች።

«ማን?» አለ ቢንያም። «እኔን ነው የምትዪው?»

«ኦቦ ለሚ፣ የቆርቆሮ ቤትዎ ማንደጃ እሳት ከየት መጣ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጠበቁ። «ጫርኩ። ባልየው እንደወጣ እዚህ ገብቼ ፍም ወሰድኩ። ሳልጠይቅ ነው፣ ሰው ተኝቷል ብዬ። ስቆሰቁሰው መርዙን እኔ ያስነሳሁት መስሎኝ ፈራሁ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«ከሰሉ የት ነበር?»

«እዚሁ፣ አሁን ያለበት።»

«የክፍሏ በርስ?»

«ክፍት። ስታንኮራፋ ይሰማኝ ነበር።»

«እንግዲህ ስሙ» አለች ወርቅውሃ። «ቢንያም ከወጣ በኋላ ከሰሉ ኮሪደር ላይ ነው፣ ብርቅዬም በሕይወት አለች። ከዚያ ወዲያ ትጊ እስክትመለስ ድረስ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሉሲ ዞሩ። ሉሲ ሳቅ ለማለት ሞከረች።

«በሽማግሌ ቃል? እኔ ስገባ ከሰሉ ውስጥ ነበር አልኩ እኮ። ደግሞስ ግጥም የምትጽፍልኝን ልጅ ለምን ብዬ?»

«እሱን አንቺው ነገርሽኝ። ዮፍታሔ፣ ማይኩን ክፈት።»

ወርቅውሃ ማንደጃውን አንስታ መቅጃዋ ክፍል አስገባችውና ወጣች። ለጆሮ ዝም ያለ የሚመስለው ፍም በስፒከሩ ሲመጣ ቤቱን ሞላው፤ ይንጣጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይተነፍሳል። ማንደጃውን መልሳ አወጣችና የዘፈኑን ድምፅ ለብቻው አስከፈተች። ከብርቅዬ ግጥም ኋላ አንዲት ኮሽታ የለችም።

«ፍሪጅ በሚነቀልበት ቤት ከሰል እግሬ ሥር አድርጌ ቀዳሁ አልሽኝ። እዚህ ክፍል አንድ ጊዜ የዘፈነ ሰው ይህን አይልም። አንቺ እዚህ ዘፍነሽ አታውቂም፣ ሉሲ። ቢንያምም ያ ዘፈን አንገፈገፈኝ አላለኝም፤ ያ ድምፅ ነው ያለኝ። ቢንያም፣ ድምፁ የማን ነው?»

«የሚስቴ» አለ ቢንያም። «አብሬው የኖርኩትን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ?»

ዮፍታሔ ራሱን ያዘ። «ብርቅዬ ራሷ ናት እንደዚያ ያለችው። ፊቴን እንዳታሳዩ፣ ቤቴ ይፈርሳል አለች። ሉሲ መልክ አላት፣ መድረክ ትወዳለች። በቪዲዮው ላይ አፏን ታንቀሳቅስ፣ ማን ያውቃል ብዬ… ቤቷ ሲፈርስ ግን ብርቅዬ የምትፈራው ነገር አለቀ። ኮንሰርቱ ላይ እኔው ራሴ እወጣለሁ፣ ከእንግዲህ ማንንም አላስፈቅድም አለች። ለሉሲ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ሉሲ፣ ተሳስቼ ከሆነ አንድ ስንኝ ዝፈኚልን» አለች ወርቅውሃ። «ማይኩ ክፍት ነው።»

ሉሲ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እናንተ ምን ታውቃላችሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በየመንገዱ ሴት ልጆች እያቀፉኝ ያለቅሳሉ። አንቺን ሰምቼ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፣ አንቺን ሰምቼ ከሚደበድበኝ ሰው ቤት ወጣሁ ይሉኛል። ሌባ ነበረች ሊባል ነው። ልለምናት ነበር የመጣሁት፣ በልጅነቴ አምላክ። ከሰሉን ሳየው…»

ሳጅን አክመል ካቴናውን አወጣ። የትጊ እጅ ነጻ ነበር፣ ማንም ግን ተፈትተሻል ብሎ አልነገራትም። ከጥጉ ተነስታ መጣችና ከሉሲ ፊት ቁጢጥ አለች። ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ስታስገቢው ነቅታ ነበር?»

ሉሲ ፊቷን አዞረች።

«ንገሪኝ። ከዚህ ወዲያ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ዓይኗን ገለጠች» አለች ሉሲ። «ከሰሉን አየችና ‹እግዜር ይስጥሽ› አለችኝ። ‹በሩን ብቻ ገርበብ አድርጊው፣ ትጊ ስትመጣ እንድሰማት።›»

ትጊ እህቷ ከሞተች ጀምሮ እንባ አልወጣትም ነበር። አሁን ወጣት።