በስተቀኝ የተገጠመው ዓሣ ፈላጊ

አስከሬኑን ያገኙት ሸምበቆ ሊያጭዱ የወረዱ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሰውየው ከጀልባ ማቆሚያው ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የሚቀዝፍባት ትንሽ ጀልባ፣ ቢጫው ካያክ፣ ደግሞ ባዶውን ሐይቁን ተሻግሮ፣ በወዲያኛው ዳርቻ ድንጋዮች መካከል ተወሽቋል።

ሟቹ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሰው በያዘው መሪ ሲሳቀቅ ሰንብቶ፣ በዕረፍት ቀኑ የራሱን መቅዘፊያ ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ ስለሚወርድ የሚያውቁት ሁሉ «ካፒቴን» ይሉታል።

መርማሪዋ ስትደርስ የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን በልቡ ዘግቶት ጠበቃት።

«ካያኩ አጋድሎ ጥሎታል። ሲወድቅ ራሱን መትቶታል። ሌላ ምንም የለውም» አላት።

መርማሪዋ ቀጭንና ዝምተኛ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ብለው የሚጠሯት ግን ስለ ቅጥነቷ ብቻ አይደለም። የሹራቧን አንገት ወደ ላይ ሰብስባ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ ለጥቂት ጊዜ አየች።

«ካያኩን ነፋስ ወደ ማዶ ነዳው እንበል» አለች። «ታዲያ ሰውየውን ማን ወደዚህ መለሰው?»



ካያኩን አስመጥታ ጎንበስ ብላ መረመረችው። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ነው። ከመቀመጫው ፊት ዓሣ ፈላጊ የሚሉት መሣሪያ ተገጥሞበታል። የመዳፍ ስፋት ያለው ስክሪን አለው፤ ከስክሪኑ በሽቦ የተያያዘ ሴንሰር ደግሞ በብረት ክንድ ታስሮ ከካያኩ ጎን ወደ ውሃ ይጠልቃል። የውሃው ጥልቀትና የዓሣው ጥላ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ መቆንጠጫ ላይ ነው፤ ብሎኑን ሲያላሉት ይወጣል፣ ባለቤቱ ቤቱ ይዞት ይገባል፣ በሌላ ቀን መልሶ ይገጥመዋል።

መሣሪያው ያለው በቀኝ ጠርዝ ላይ ነበር። በግራው ጠርዝ ላይ ግን መቆንጠጫ ለረጅም ጊዜ እየነከሰ ያለሰለሰው የተፋቀ ምልክት አለ። ቀኙ አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። መርማሪዋ እጇን ከመቀመጫው ሥር ሰደደች። ባትሪው በሣጥኑ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል፤ የመሣሪያው ሽቦ ግን አልተሰካበትም። ከመቆንጠጫው ጀርባ ደግሞ አንዲት ሲባጎ ሳትታሰር ተንጠልጥላለች።

«ከዚህ ማቆሚያ ሥር የተተከሉትን ብረቶች አንድ በአንድ እዩልኝ» አለችና ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት። ነጩን የሥራ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከበሩ ጀርባ በተደገፉት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት።

«መሣሪያውን ሲገጥም አይተሽ ታውቂያለሽ፣ እህቴ?»

«ማየት ብቻ? እኔም እገጥመዋለሁ። ከክረምቱ ወዲህ አብሬው ነው የምወጣው፤ አንድ ጓደኛችን ካያክ ያውሰኛል።»

«እንዴት እንደሚገጠም ንገሪኝ እስቲ።»

ሴትየዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እጆቿን በባዶ አየር ላይ አንቀሳቀሰች። «በግራ ነው። ቀኙ ለመረቡ ነው፤ ዓሣ ሲያወጣ ሽቦው እንዳይጠላለፍበት። መቆንጠጫውን አጠብቃለሁ። ከጀርባው ሲባጎዋን አስራለሁ፣ ቢላላ እንዳይሰምጥ። ከዚያ ሽቦውን ከመቀመጫው ሥር ባትሪው ላይ እሰካለሁ። ስክሪኑ ሳይበራ ባሌ ከዳር ንቅንቅ አይልም ነበር።»

«ዛሬ ለምን ቀረሽ?»

«የሥራ ባልደረባዬ ልጇ ታሞባት ተተካሁላት። ብቻዬን ነበርኩ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ።» ከዘንጎቹ አንዱን በጣቷ ነካች። «ልዋሽዎ አልፈልግም፣ ድሮ ሐይቁን ማየት አልወድም ነበር። በምክትሉ እቀና ነበር።»

«ምክትሉ ማን ነው?»

«ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛው። እሱ ካፒቴን፣ ያኛው ምክትል። ባሌ ያለው አንድ የዕረፍት ቀን፤ እሱንም መቀስ የያዘ ሰው ይወስድብኛል! ማታ እየተሳሳቁ ይገባሉ። ምን ያስቃችኋል ስላቸው ‹ተይው፣ የሐይቅ ነገር ነው› ይሉኛል። አንጀቴ እርር ይል ነበር። አንድ ቀን ‹ወይ እኔንም ውሰደኝ፣ ወይ እዚያው ቅር› አልኩት። ወሰደኝ፤ እኔም ወደድኩት።»

«ምክትሉስ?»

«ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ።» ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ። «ይልቅ የባሌን ታናሽ ወንድም ይጠይቁት። መሣሪያው የሚቆምበትን መግጠሚያ የሠራው እሱ ነው። ሰው ባሌን ባመሰገነ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።»

ወንድምየው ከገበያው ጀርባ ብረትና ፕላስቲክ የሚሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ አለው። መርማሪዋ ስትገባ መሞረድ በማያስፈልገው ብረት ላይ ሞረድ እየፈተገ ነበር።

«በወንድምህ ትቀና ነበር ይባላል።»

«እትዬ ነግራዎት ነው።» ሞረዱን አስቀመጠ። «አዎ፣ እቀና ነበር። እናታችን እኔን ስትጠራ እንኳ መጀመሪያ የምታነሳው የእሱን ስም ነበር። ያንን መግጠሚያ ሦስቴ አፍርሼ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሐይቅ ላይ ግን ‹የካፒቴን ፈጠራ› ነው የሚባለው። ጋሼ ደግሞ ‹የወንድሜ ነው› ለማለት ምላሱ አይታዘዝለትም። ግን ወንድሜ ነው፤ እጄን አላነሳበትም።»

«ዛሬ ጠዋት አይተኸዋል?»

«ወደ ሐይቁ ሲወርድ በዚህ በኩል አለፈ። ሁለተኛ መግጠሚያ አዞኝ ነበርና ሰጠሁት።»

«ለማን ነው?»

«ለእትዬ። የራሷን ካያክ ሊገዛላት ነበር። እሷ አታውቅም። ‹ድንገት ነው የማሳያት፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል› አለኝ። አላልኩም፤ ለእርስዎ ገና አሁን መናገሬ ነው።»

መርማሪዋ ሐይቁ ዳር ቆሞ በነበረው የሟቹ መኪና ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ መግጠሚያ አይታ ነበር። አመስግናው ወጣች።

የምክትሉ ፀጉር ቤት ሁለት ወንበርና ግድግዳውን የሞላ አንድ ትልቅ መስታወት ያለው ንጹሕ ክፍል ነው። ሰውየው ብሩሾቹን በሳሙና እያጠበ ነበር፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በሩን ዘግቼ ሳጸዳ ነበር።»

«ካፒቴንን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«ባለፈው ሳምንት። መንገድ ላይ ሰላም ተባብለን ተላለፍን። ወሬውንም የሰማሁት ከደንበኛ ነው።»

«ዓሣ ፈላጊ አለዎት?»

«እኔ? የለኝም። ኧረ ነክቼውም አላውቅ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። «እሱ ያያል፣ እኔ እጥላለሁ። ካያኮቻችንን አፍንጫ ለአፍንጫ አግጥመን ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። ‹ጥላ አለ፣ ጣል!› ይለኛል፤ እጥላለሁ። ዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው።»

«እኔ ካያክ ላይ ወጥቼ ስለማላውቅ በቃል አልገባኝም። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሣሪያውን የት ይገጥመው እንደነበር ቢያሳዩኝ?»

ሰውየው ሳያመነታ ተቀመጠና በቀኝ እጁ የወንበሩን ቀኝ ክንድ መታ መታ አደረገ። «እዚህ ጋ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ መስታወቱን አየች። በመስታወቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የወንበሩን ክንድ የመታው በግራ እጁ ነበር።

«ሚስቱ በእርስዎ ቦታ ገባች ማለት ነው» አለች ዝግ ብላ።

«ምን ይደረጋል፣ ሚስት ናት።» ምክትሉ ተነሥቶ ወደ ብሩሾቹ ተመለሰ። «ይኸው የራሷን መግጠሚያም አሠርቶላታል። ከእንግዲህ ካፒቴንም ምክትልም እነሱ ናቸው።» ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንቢ አለው።

መርማሪዋ ቦርሳዋን አንሥታ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ካያኩ በሁለት የእንጨት ርብራብ ላይ ተጭኗል፤ መሣሪያው እንደተገኘው በቀኝ ጠርዝ ላይ ነው። ሚስትየው ከደጃፉ አጠገብ፣ ወንድምየው ከሞረዶቹ ጋር፣ ምክትሉ ከሁለቱም ርቆ ቆሙ። ከኋላቸው የአካባቢው ፖሊስ አለ።

«ካፒቴን ከዳር አልተነሣም» ብላ ጀመረች። «ትናንት ከማቆሚያው ሥር ካሉት ብረቶች በአንዱ ላይ ደምና ፀጉር ተገኝቷል። ራሱን የመታው እዚያው ነው፤ የወደቀውም እዚያው ነው። ካያኩ ባዶውን ነው የሄደው።»

«ታዲያ መሣሪያው?» አለ ወንድምየው። «ተገጥሞ አይደል የተገኘው?»

«ጥያቄው እሱ ነው። ይህ መሣሪያ ተነቃይ ነው። ካፒቴን ሳይገጥመው በፊት ነው የወደቀው። ሌላ ሰው ገጠመለት። ለምን? ካፒቴን ያለ ዓሣ ፈላጊው ሐይቅ እንደማይገባ የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል። ካያኩ ያለ መሣሪያው ቢገኝ ማንም ‹ዓሣ ሲያጠምድ ወደቀ› ብሎ አያምንም። ስለዚህ የገጠመው ሰው ካፒቴንን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሚስትየው ጠጋ ብላ ካያኩን አየችና «በቀኝ ነው እኮ የተገጠመው» አለች።

«በቀኝ ነው። ሲባጎውም አልታሰረም፣ ባትሪውም አልተሰካም። አሁን ልብ በሉ። መቆንጠጫው ጠብቋል፣ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የብረቱ ክንድ ወርዷል። ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ሁሉም የተሟላ ነው። የጎደለው ከፊት የማይታየው ብቻ ነው፤ ከመቆንጠጫው ጀርባ ያለው ሲባጎና ከመቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ የሌላውን ግራ የሚያየው በራሱ ቀኝ በኩል ነው።»

ምክትሉ ግንባሩን ዳሰሰ።

«አገጣጠሙን የሚያውቅ ሰው እኛን ለማሳሳት ሆን ብሎ አዛብቶት ቢሆንስ?» አለ ወንድምየው።

«ጥሩ ጠየቅክ። ግን ይህ ሰው የሚፈልገው ነገሩ አደጋ እንዲመስል ነው። አደጋ የሚመስለው ሁሉም እንደ ወትሮው ሲሆን ነው። አንተ ብትሆን ዓይንህን ጨፍነህ በግራ ትገጥመው ነበር። እሷም ባትሪውን ሳትሰካ አትተወውም። የተሳሳተው የቻለውን ያህል ለማስተካከል የሞከረ ሰው ነው።»

«እኔን ነው የሚሉት?» አለ ምክትሉ። «ፊት ለፊት ስለተቀመጥኩ ብቻ?»

«ስለዚያ ብቻ አይደለም።» መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ዞረች። «ባልሽ ለአንቺ ሁለተኛ መግጠሚያ ማሠራቱን ታውቂ ነበር?»

ሚስትየው በድንጋጤ ራሷን ነቀነቀች። «ለእኔ?»

«አታውቅም። የሚያውቁት ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። ዕቃው ከዚህ የወጣው ትናንት ጠዋት ነው፤ ካፒቴን በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረደ። እርስዎ ደግሞ ካፒቴንን ካየሁት ሳምንት ሆነኝ ባሉበት አፍዎ ‹የራሷን መግጠሚያ አሠርቶላታል› አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማን ነገርዎት?»

ምክትሉ ወደ ደጃፉ አየ። ፖሊሱ ቆሞበታል። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ራሱ ነው ያሳየኝ» አለ። «ብቻውን መሆኑን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር የወረድኩት። እንደ ድሮው እንወጣለን ብዬ። እሱ ግን ከመኪናው ያንን ዕቃ አወጣና እንደ ሕፃን እየሳቀ ‹ለምክትሌ ያሠራሁትን እይልኝ!› አለኝ። ምክትሌ! እኔ ፊቱ ቆሜ! ድሮ ‹ላንተም ላሠራልህ› ሲለኝ ‹ያንተ ለሁለታችን ይበቃናል› ያልኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊቱ እንድቀመጥ ብዬ ነበር እንቢ ያልኩት። ዕቃውን ጠቅልሎ አስቀምጦ ወደ ማቆሚያው ሲመጣ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ራሱ ከብረቱ ጋር ተላትሞ ውሃው ውስጥ ተደፋ። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ያኔውኑ ሞቷል። ከዚያ ፈራሁ... መሣሪያውን ከቦርሳው አውጥቼ...»

«ብሎኑ አስቸገረዎት?»

«አስቸገረኝ። ብዙ ታገልኩት።»

መርማሪዋ ቀጥላ ያለችውን ባትለው ትመርጥ ነበር። ግን መነገሩ አይቀርም።

«ሐኪሙ ምርመራውን ዛሬ ጨርሷል» አለች። «የራሱ ቁስል ለሞት የሚያደርስ አልነበረም፤ ራሱን ስቶ ነበር። የገደለው ውሃው ነው። እርስዎ ከብሎኑ ጋር ሲታገሉ በሕይወት ነበር።»

ምክትሉ ቃሉን እንዳልሰማ ሰው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተ። ወንድምየው ጀርባውን ሰጥቶ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አገናኘ።

ሚስትየው ግን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተራመደች። አልጮኸችም፣ እጇንም አላነሳችም።

«እኔም ቀንቼብህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይገባኛል» አለችው። «ግን እኔም ዋና አልችል፣ እሱም አይችል። አብራችሁ በምትወጡበት ጊዜ ‹ለምን አትፈራም?› ስለው ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ‹ምክትሉ እያለ አልሰምጥም› ነበር የሚለኝ።»

ፖሊሱ ብብቱን ይዞ እስኪያወጣው ድረስ፣ ምክትሉ ከእሷ ፊት ላይ ዓይኑን አላነሳም።