ያልተዋጠው ክኒን

አቶ ሀብተወልድ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ከራስጌያቸው ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ነበር። የጉሮሮ ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሰባት ወር ሆኗቸዋል።

የማዕከሉ ባለቤት ዶክተር ዘረሰናይ ኢንስፔክተር ሶሬቲን በር ላይ ተቀበላት፤ ወጣትነቷን አይቶም «አንቺ» አላት። እሱ እንደሚለው ሰውየው ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ጥፋቱም የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የፀደንያ ነው።

«እኔ ጉሮሮውን አድኜ ሰጠኋት። እሷ በወሬ ገደለችው።»

በማግሥቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። ደማቸው የእንቅልፍ መድኃኒት ሞልቶታል፤ ጨጓራቸው ውስጥ ግን የክኒን ርዝራዥ የለም። ከጉልበታቸው በስተጀርባ የመርፌ ቀዳዳ ተገኘ።

ሶሬቲ ፀደንያን አነጋገረች። ሟቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ክኒን አንቋቸው ሊሞቱ ደርሰው ነበር። ቁስሉ ሲድን ፍርሃቱ አልዳነም። ፀደንያ ሦስት ወር አብራቸው እየተቀመጠች በአጥሚት ጀምራ የተላጠ ሙዝ ላይ አድርሳቸዋለች፤ ክኒን ግን ገና አልደፈሩም። መድኃኒታቸውን ነርሷ እታገኝ ፈጭታ በማር ትሰጣቸው ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤትም ይህንኑ አረጋገጡ።

ሐሙስ ጠዋት ዘረሰናይ፣ ፀደንያ፣ እታገኝና ወይዘሮ የሺመቤት ሶሬቲ ፊት በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ።

«ብልቃጡን ያስቀመጠው ሰው፣ ሟቹ ክኒን መዋጥ እንደማይችሉ አያውቅም ነበር» አለች ሶሬቲ። «ሦስቱ ሴቶች ያውቃሉ። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዘረሰናይ ፈገግ አለ። «ፋይሉ ጉሮሮው ድኗል ይላል።»

«የእርስዎ ፋይል። የፀደንያ አሥራ ሁለት ሪፖርቶች ከነፖስታቸው ሳይከፈቱ መሳቢያዎ ውስጥ ተገኝተዋል።»

«የወሬ ወረቀት አላነብም።»

«ቢያነቡ ኖሮ ይህን ስሕተት አይሠሩም ነበር» አለች። ከዚያ የቀረውን አስረዳች። የመርፌ መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ታካሚ እሱ በወጋት የተሳሳተ መርፌ ስትሞት አቶ ሀብተወልድ ከጎኗ አልጋ ሆነው አይተዋል፤ ዓርብ ለጤና ተቆጣጣሪዎች ሊመሰክሩ ቀጠሮ ነበራቸው።

ፖሊሶች ዘረሰናይን ሲወስዱት ዞሮ ያየው ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ የሺመቤት ግን ወደ ፀደንያ ጠጋ ብለው፣ «ፈርቶ ነው የሞተው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይደለም እትዬ። መፍራት እየተዉ ነበር። ሊመሰክሩ የወሰኑትም ለዚያ ነው።»