ደረት የማይደርስ ውሃ

ፋሪሃ ሰጥማ የሞተችበት ገንዳ ውሃው ደረቷ ላይ እንኳ አይደርስም ነበር።

የሱዳኑ ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ካርቱም አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ በጆሮ ሐኪሙ በዶክተር ሳዲቅ ግቢ ነው የሆነው። ሙላዚም ኢሳ የሚባለው የፖሊስ መኮንን ሬሳውን አስወጥቶ በአንሶላ ካስሸፈነ በኋላ ሐበሾች ወደሚበዙበት ወደ ዴም ሰፈር ደውሎ ማዘንጊያን አስጠራት። ማዘንጊያ ደሴ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ካርቱም ውስጥ ግን ሐበሻ ሲሞት ለፖሊስ የምታስተረጉም ሴት ናት።

«ማሌሽ ያ ሲት፣ በከንቱ አደከምኩዎት» አለ ኢሳ። «አዳልጧት ነው። ፈርመን እንሂድ።»

ማዘንጊያ አንሶላውን ገለጠች። ፋሪሃ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከወሎ ከመጣች ገና አምስት ወሯ። ጫማዋ ገንዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሁለቱም ጆሮዋ ቫዝሊን በጠጣ ጥጥ ተወትፏል።

«ያዳለጠው ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ጆሮውን ደፍኖ አይወድቅም» አለች። «የፖሊስ ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት ይይልኝ።»

የዶክተሩ ሚስት ናስራ ከሰገነቱ ላይ ሆና ድምጿን አሰማች። «ውሃውን ዛሬውኑ ማስለወጥ ይቻላል? ነገ እንግዳ አለብኝ።»

ማዘንጊያ ሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ሙሚና ዞረች። ሙሚና የፋሪሃ የአገር ልጅ ናት፤ ጎረቤት ቤት ትሠራለች።

«ዋና ትችል ነበር?»

«የሐይቅ ልጅ እኮ ናት እትዬ፤ ውሃ ላይ ነው ያደገችው። ሰሞኑን ግን ሰውነቷ ከዳት። ግድግዳ ሳትይዝ አትሄድም፤ መብራት ሲጠፋ እዚያው ባለችበት ቁጭ ነው። ስራመድ ዓለሙ ሁሉ ይዘልብኛል ትለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የውሃ ሕክምና አለኝ አለችኝ።»

«ማን አዘዘልኝ አለች?»

«አልነገረችኝም። የምትሠራውም የምትታከመውም እዚሁ ቤት ነው።»

ዶክተር ሳዲቅ ምድር ቤት ባለው ክሊኒኩ ቴምር እየበላ መዝገብ ያገላብጣል።

«ሰባት ቁጥር ናት» አለ፤ ስሟን አልጠራም። «ለማዞር በሽታ አዲስ መድኃኒት እያጠናሁ ነው። የሷ በሽታ ግራ ጆሮዋ ላይ ነበር። መድኃኒቱ በመርፌ በጆሮዋ ታምቡር አልፎ የግራውን የሚዛን ክፍል ይገድለዋል፤ ማዞሩ ይቆማል። ቀኙ ቀስ በቀስ የሁለቱንም ሥራ ይለምዳል።»

«ሁለቱም ቢሞቱስ?»

«የሚቀራት ዓይኗ ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ ትወድቃለች። ዓይኗን ጨፍና ውሃ ውስጥ ከጠለቀች ላይና ታቹን አትለይም።» የቴምሩን ፍሬ መዳፉ ላይ ተፋ። «የሷ ግን ግራው ብቻ ነው። የትኛው ሚዛን እንደሚሠራ ለማየት ነገ ሁለቱንም ጆሮዋን በቀዝቃዛ አየር ልፈትን ነበር። ጥናቴን አጎደለችብኝ።»

«ውሃ እንድትገባ አዘው ነበር?»

«ታምቡሩ የተበሳ ሰው ውሃ አይገባም።»

ገዳዩ እሱ በሆነ ብላ ማዘንጊያ ከልቧ ተመኘች። ምኞት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ነርሱ ጥጋቡ በር ላይ ቆሞ እጁን በአልኮል ያሻል። አረብኛ የማታውቀውን ፋሪሃን አማርኛ ከማያውቀው ሐኪም ጋር የሚያገናኛት እሱ ነው።

«መርፌውን የምትወጋት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ዶክተር ያዘዙትን፣ ግራውን ብቻ።»

«ዛሬ አናግረሃታል?»

«ከትናንት ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ምስኪን፣ እንደ እህቴ ነበረች።»

የፖሊስ ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ማዘንጊያ ሁሉንም ገንዳው ዳር ሰበሰበቻቸው። ሙሚናም እንድትሰማ እያንዳንዱን ነገር በሁለቱም ቋንቋ ተናገረች።

«ሁለቱም ታምቡሮቿ ተወግተዋል። መዝገቡ ግን ግራውን ብቻ ይላል። ዶክተሩ ነገ ሊፈትናት የነበረው ቀኙ ደህና ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። የቀኙን መሞት የሚያውቀው የወጋው ሰው ነው። ፋሪሃ ጆሮዋን ደፍና፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በፈቃዷ ነው የገባችው፤ ሕክምና ነው ተብላ። ይህን በአማርኛ የሚነግራት ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። ጥጋቡ፣ መጀመሪያ ተሳስተህ ደህናውን ጆሮ ወጋህ፤ ያንን ለመደበቅ ታማሚውንም ወጋህ። ነገ በፈተናው ይታወቅብህ ስለነበር ዛሬ ውሃ ውስጥ ላክሃት።»

ጥጋቡ ዶክተሩን አየ። «ቱርክ ልኬ አስተምርሃለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁ ጠነከረ። «እኔ ጣቴንም አላሳረፍኩባትም። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ጥለቂ፣ ሦስት ጊዜ ተገላበጪ ነው ያልኳት። እዚህ ቆሜ ነበር። ራሷ ነች ወደ ታች የዋኘችው።»

ኢሳ ጥጋቡን በካቴና አስሮ ወሰደው።

ዶክተሩ ግን ገና አልጨረሰም። «ከመቀበሯ በፊት የጆሮዋን አጥንት መውሰድ ይፈቀድልኛል? ሁለቱም የሞቱበት ሰው በቀላሉ አይገኝም።»

«ምን አለ?» ስትል ጠየቀች ሙሚና።

ማዘንጊያ ልታለሳልሰው ፈለገች። ግን ፋሪሃን ለዚህ ያበቃት በውሸት የተተረጎመላት ቃል ነው። አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

ሙሚና ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ቀስ ብላ የጓደኛዋን ሁለት ጆሮዎች በሁለት መዳፎቿ ሸፈነች።

«እስክትቀበር ከዚህ አልነሳም፤ ይበሉት።»

ማዘንጊያ አስተረጎመችና አጠገቧ ተቀመጠች።