ሀፍረቱ የማን ነው?

ጋፋት ላይ የንጉሡ መድፍ በሚሠራበት ዘመን፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ደፋር ሴት ቢፈለግ የመሪጌታ ገብረየሱስን ልጅ የሚጠራ አልነበረም። ውብአለም እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማትወጣ፣ ስሟ ሲጠራ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ነበረች።

እንዲህ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ አንድ የነሐሴ ጠዋት የአባቷን ጸናጽል በኩታዋ ጠቅልላ ብቻዋን ጋፋት የወረደችው። ለደብረ ታቦር በዓል ማኅሌት ሦስት ቀን ቀርቷል፤ የጸናጽሉ እጀታ ተሰብሯል፤ መሪጌታ ደግሞ «ለጸናጽል ቀጥቃጭ ደጅ ሰው አልልክም» ብለው አኩርፈዋል። አባቷ ባዶ እጃቸውን ሲያሸበሽቡ ማየት አልሆነላትም።

ወናፉ አጠገብ ያገኘችው ይርጋን ነው። የገበሬ ልጅ ነበር፤ ከፈረንጆቹ ዘንድ ብረትና ነሐስ መሥራት ከተማረ ወዲህ ግን አገሬው «ቡዳ ሆነ» ብሎ ርቆታል። ማረሻ ለማሠራት ሁሉም ይመጣል፤ አብሮት የሚበላ ግን የለም።

እጀታውን ጠግኖ ሲጨርስ ለውብአለም አልሰጣትም። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ምነው?» አለችው።

«ሰው ከእጄ መቀበል አይወድም። እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

ውብአለም እጇን ዘረጋች። «እኔ ከእጅህ ነው የምቀበለው።»

ይርጋ ቀና ብሎ አያት። ጸናጽሉን አንስቶ በሁለት እጁ አቀበላት። ውብአለም ወደ ቤቷ መሄድ እንዳለባት ታውቃለች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት።

በዚህ መሐል የመጣው የይርጋ አለቃ፣ ባለቀይ ጢም ፈረንጅ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ መርከበኛ ነበርና፣ ዛሬ ኢንዶኔዢያ በምንለው አገር ሰባት ዓመት ኖሯል። አዲስ የአማርኛ ቃል በሰማ ቁጥር በደብተሩ ይጽፍና ከጎኑ የዚያን አገር ቃል ያስቀምጣል።

«እመቤቴ፣ ሀፍረት ማለት ምንድን ነው?» አላት። «ይርጋን ብጠይቀው ‹መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የሚያሰኝ ነገር ነው› ይለኛል። እዚያ ‹ማሉ› የሚሉት ነገር አለ። ሌባ ሲያዝ ማሉ ይይዘዋል፤ ልጃገረድም የወደደችው ሰው ሲያያት ማሉ ይይዛታል።»

የውብአለም ፊት በርበሬ መሰለ። ይርጋም እሳቱ ሳይበርድ ወናፉን ይነፋ ጀመር።

«ሁለተኛውን አየሁት» አለ ፈረንጁ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ይህ ልጅ ማረሻችሁን እየሠራ አንገቱን ይደፋል። ምን ሰርቆ ነው የሚያፍረው?»

ውብአለም ጸናጽሉን በኩታዋ ጠቅልላ ተመለሰች፤ ማን እንደጠገነውም ለአባቷ አልነገረችም።

ከዚያ ወዲህ በመሪጌታ ቤት የሚሰበረው ዕቃ በዛ። ዛሬ ማጭዱ ይደንዛል፣ ነገ መጥረቢያው ይወልቃል፤ ወደ ጋፋት የምትወርደውም ሁልጊዜ ውብአለም ናት። ጥቅምት ሲገባ ሁለቱም አንዱ ያለ ሌላው መኖር እንደማይችል ገብቷቸው ነበር።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አላት ይርጋ።

«ያዋርዱሃል።»

«ያዋርዱኝ። ሳልጠይቅ ብቀር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ይቆጨኛል።»

ለቀጥቃጭ ሽማግሌ የሚሆን ሰው ግን ከየት ይምጣ? አጎቱ አያ ማሩ በስንት ልመና እሺ አሉ። ፈረንጁ ሁለተኛ ሆነ። ሦስተኛ ሲጠፋ፣ እንደ ወጉ ቤቱ መቅረት የነበረበት ይርጋ ራሱ ተከትሎ መጣ።

መሪጌታ እንግዶቹን አስቀመጡ። ጠላ ለአያ ማሩና ለፈረንጁ በዋንጫ ተቀዳ። ለይርጋ ግን ጫፉ በተሸረፈ ቅል ቀረበለት፤ ጠጥቶ ሲሄድ የሚጣል ቅል። ይርጋ ግማሹን ጠጥቶ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

አያ ማሩ ተነሥተው የመጡበትን ተናገሩ። መሪጌታ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ልጄን አብሬው በአንድ ዋንጫ ለማልጠጣ ሰው አልሰጥም» አሉ። «በዚህ ወር ለሌላ እድራታለሁ።»

ውብአለም ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አሁን ዝም ካለች ይርጋን ለዘላለም ማጣቷ ነው። መጋረጃውን ገለጠች፤ በሽማግሎቹ መሐል አልፋ ቅሉን አነሣች፤ ይርጋ ያስተረፈውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣች።

«ኧረ ነውር ነው!» ብለው የጮኹት አያ ማሩ ናቸው፣ የይርጋ የገዛ አጎት።

«አባቴ» አለች ውብአለም። ቅሉን እንደያዘች ወደ እሳቸው ዞረች። «ለበዓሉ የያዙትን ጸናጽል የጠገነው እሱ ነው። የወሰድሁት እኔ ነኝ። በእጁ ሥራ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ምን ሆኑ? እርሻችንም የታረሰው እሱ በሠራው ማረሻ ነው። ሥራውን ሁሉ ተቀብለን እሱን ስንጥለው፣ ማፈር ያለበት ማን ነው? እኔ እወደዋለሁ። ስለወደድሁትም አላፍርም።»

መሪጌታ በእጇ ያለውን ባዶ ቅል አዩ። ከጉንጫቸው የተነሣው ቅላት ጆሯቸው ደረሰ። ተማሪዎቻቸው የተሳሳቱትን በጉባኤ ፊት እንዲያርሙ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ተራው የእሳቸው ሆነ። ፈረንጁ ደብተሩን ቀስ ብሎ አውጥቶ ከሀፍረት ጎን «ማሉ» ብሎ ጻፈ። አልሳቀም።

«ሀፍረቱ የእኔ ነው» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። እጃቸውን ዘረጉ። «በዚያው ቅል ቅጂልኝ።»

ውብአለም ቀዳች። መሪጌታ ይርጋን እያዩ ግማሹን ጠጡና ቅሉን ለአያ ማሩ አቀበሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ዘመድ ሆነናል።»

አያ ማሩ ቅሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙና ጠብታ ሳያስቀሩ ጨለጡት። ጢማቸውን ጠረጉ።

«መቼ ነው ታዲያ ሠርጉ?» አሉ።

መሪጌታ አፋቸውን ሳይከፍቱ ውብአለም ይርጋ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች።

«ጥር ላይ» አለች።